እሾሁን ስላነሣችሁልን እናመሰግናለን

ለቀበሌያችን የተቀናጀ የጤና እንክብካቤ ቡድን ክቡር አስተባባሪ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም የቡድንዎ አባላትም እንደምን ሰነበታችሁ እላለሁ፤ ከእኔ ቤት የወጣው ጤና ሁሉ ተሰብስቦ በእናንተ ደጅ ይግባ። እኔ በሰቆጣ ዙሪያ በዚህች ደጋ ለዘመናት ፊደል አስቆጥሬ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ፤ ነገሬ ቢረዝም የመምህር አመል ነውና ይታገሱኝ።

፩ኛ፤ ስለ እሾሁ። በመንደራችን ጉድፍ የሚባለው ተላላፊ በሽታ የገባበት ቤት በሩ ላይ የእሾህ ቅርንጫፍ ይጋደምበት ነበር። ያን ያየ ጠያቂ ከደጅ ሆኖ እግዜር ይማራችሁ ይላል፤ የያዘውን ወተት ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። የታማሚው ቅርፊት ደርቆ ሲረግፍ እሾሁ ይነሣል። ይህ ከእናቶቻችን የወረስነው ድንቁርና ታማሚን የሚያገልል ጎጂ ልማድ መሆኑን በኅዳር መጥታችሁ ስላስረዳችሁን፣ እሾሁንም ከየደጁ ሰብስባችሁ ስላቃጠላችሁልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕለቱ ብርድ ነበርና እሳቱንም ሞቀነዋል።

፪ኛ፤ ስለ ስብሰባው። ጉድፍን በጋራ ለመከላከል እናቶች ሁሉ ልጆቻቸውን ይዘው፣ የታመሙትንም ለማሳያ ታቅፈው እንዲመጡ አዛችሁ፣ መስኮቱ በማይከፈት አዳራሽ አንድ ላይ አጎራችሁን። ልጄ ይታየሽ መውለጃዋ ተቃርቦ ነበር። ባሏ ለእንጀራ ዓረብ አገር ነው። በልጅነቷ ጉድፍ አልያዛትም፤ ያ ድንቁርናችን ጠብቋታል። እንዳትሄድ ብለምናት፣ ሞዴል እናት ተብላ በስሟ ተጠርታለችና፣ «እማ፣ እሾሁ እኮ ተነሥቷል፤ አሁን ምን ብዬ ልቅር?» አለችኝ። ሄደች። እኔም ተከተልኳት።

የቡድንዎን ቅንጅት አልረሳውም። አንዱ ስብሰባውን ከፈተ፣ ሌላው የእንኳን ደህና መጣችሁ ንግግር አደረገ፣ አንዱ አስፈረመ፣ አንዱ ፎቶ አነሣ። ነርሱ በተዋረድ የመጨረሻው ስለነበር ተራው ሲደርሰው ቀኑ መሽቶ ነበር። እሱም፣ ጉድፍ ይዟት የማያውቅ ነፍሰ ጡር ከታማሚ እንድትርቅ፣ በሽታው ሳንባዋ ላይ ሊወጣባት እንደሚችል በጥሩ አማርኛ አስረዳን። ይታየሽ በዚያች ሰዓት የጎረቤታችንን የጥሩሐረግን ልጅ፣ ፊቱ ውኃ በቋጠረ ቁስል የተሞላውን፣ እናቱ ፈርማ እስክትመለስ ታቅፋው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚለውን ተረት እዚህ አልጠቅስም፤ በእናንተ ላይ ነውር ነው።

፫ኛ፤ ስለ ቡድን ሥራ። ሳምንታት ቆይቶ ጉድፉ በይታየሽ ላይ ወጣ፤ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ተከተለ። ነርሱን ብንለምነው ወደ ሰቆጣ የሚያስተላልፋት ወረቀት የእርስዎን ፊርማ እንደሚጠይቅ ነገረን። እርስዎ ደግሞ ስለ ቡድን ሥራ ሊሠለጥኑ ሄደው ነበር። ጎረቤታችን አቶ ይስማውና ጓደኞቹ ምንም ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች ስለሆኑ ፊርማ አልጠበቁም፤ በቃሬዛ አንሥተው፣ አንዱ ሲደክም ሌላው ትከሻውን እየሰጠ ሰቆጣ አደረሷት። ሐኪሞቹ ሕፃኗን አተረፉልኝ። ልጄን ግን ዘግይተው አገኟት። አንጀቴ ተቃጥሏል ክቡር አስተባባሪ፤ ይህን በትሕትና የምጽፍበት ቋንቋ አጣሁ።

፬ኛ። አሁን ደግሞ እኔ ጎኔ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጥቶብኛል። ያከመችኝ ሐኪም ሠርካለም እንደነገረችኝ፣ በልጅነቴ የያዘኝ ጉድፍ ሰውነቴ ውስጥ አድፍጦ ኖሮ ዛሬ በእርጅናዬ የተነሣው ነው፤ ቁስሉ እስኪደርቅ ጨቅላዋን እንዳላቅፍ አዘዘችኝ። የልጅ ልጄን ባንቺን የምታጠባልኝ ጥሩሐረግ ናት። እኔም የእሾህ ቅርንጫፍ ቆርጬ በጓዳው በር ላይ አጋደምኩ፤ ከእሾሁ ወዲህ የቀረሁት እኔ ነኝ። ባንቺ ስታለቅስ እሰማታለሁ። እጄ ሳላዘው ይዘረጋል፤ እሾሁ ይመልሰዋል።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከመክፈቻው ንግግር በፊት፣ አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ነፍሰ ጡሮቹን ወደ ቤታቸው ይመልስልን። ፎቶው ላይ ባይወጡም ግድ የለም።

በድንቁርናዋ ጸንታ፣ የቡድንዎን ድካም ከደጅ ሆና የምታደንቅ፣
አክባሪዎ ለተጊዮርጊስ ካሳ

ማሳሰቢያ፦ ይታየሽ በሞዴል እናትነት እንድትሸለም የላካችሁላት ጥሪ ደርሶናል፤ መምጣት ስለማትችል ይቅርታ እጠይቅላታለሁ። ሽልማቱን ልታደርሱላት ከፈለጋችሁ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጀርባ ታገኟታላችሁ። ቡድኑ በሙሉ ያለ ሥጋት ይምጣ፤ እሷ ደጅ እሾህ የለም።