ሽማግሌ ፊት የቀረበው ኤሊያን

አዳማ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ስልክ ለማያነሳው፣ እኔ ግን ለምወደው ወንድሜ ለኑዕማን
ድሬዳዋ

የድሬ ሙቀት ሳያቀልጥህ ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የእማዬ ጉልበት ተሽሎታል። አባባም እንደ ልማዱ ከአይሱዙው ጋር እየተጨቃጨቀ ሞጆ ይመላለሳል። የቤታችንን ስልክ ቁጥር ስታይ ስለማታነሳ ነው ደብዳቤውን ድሬ ጭነት በሚያመላልሰው ሾፌር በምልኬሳ የላክሁልህ።

አሁን ወሬውን ስማ። ፊልም ሠራን! የሚያስቅ፣ ከሌላ ፕላኔት ስለመጣ ኤሊያን። ያዘጋጀችው ሰርግ የምትቀርጸው ጎረቤታችን ፍሬሕይወት ናት። ኤሊያኑ ከቡልቡላ አለፍ ብሎ አብያታ ሐይቅ ዳር ሲያርፍ የሰው ፍየል ይገጫል፤ ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ተመልካች የማያየውን ግን እኔ ልንገርህ። የጠፈር መርከቡ በፎይል የተጠቀለለ የሰፈራችን ልጅ የደሊል ባጃጅ ነው። ነፋሱ ፎይሉን ገልቦት «ኦሮ» የሚለው ታርጋ ወለል ብሎ ይታያል። የኤሊያኑ ጭንቅላት ቢጫ ጀሪካን፣ ዓይኖቹ አሮጌ ሲዲዎች ናቸው። ፍየሏ ሞታ መተኛት ሲገባት የኤሊያኑን ጓንት ስትበላ ዋለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን ይመስልሃል? አባባ! አዎ፣ መኪናውን ትተህ ፎቶ ቤት ልቀጠር ስትል «ከዚህ በር ከወጣህ አትመለስ» ያለህ አባባ። «አይሱዙው ጋራዥ ስለገባ ነው» አለን። ማን ያምነዋል?

ኤሊያኑ ደሊል ነበር። ፀሐዩ ጀሪካኑን ሲያግለው አዞረውና ባጃጁ ውስጥ ተዘረረ። ልብሱ ከእኔ በቀር ማንንም አልበቃ ስላለ ፍሬሕይወት ከመኪና ጀርባ ወስዳ አለበሰችኝ። ሽማግሌዎቹ አላወቁም።

ግራር ሥር ተቀመጡ። ድርሰቱ «ፍየሏን ካስ» ብለው እንዲነሱ ነው የሚለው። የሽማግሌዎቹ አለቃ ጋሽ ደገፋ ግን ሽምግልና ላይ ቀልድ አያውቁም። መጀመሪያ መረቁ፤ ምርቃቱ አላልቅ ብሎ የካሜራው ባትሪ ተቀየረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አካም ጂርታ፣ እንዴት ነህ እንግዳው። ጎሳህ ማን ነው?»

ድምፄ እንዳያጋልጠኝ በተበላው ጓንት ወደ ሰማይ ጠቆምኩ።

«የእናትህስ ወገን?»

ፍሬሕይወት «በቃ ጋሼ፣ አቁሙ!» ብላ ጮኸች።

«ሽምግልና ተቀምጠን ማን ነው የሚያስቆመን? ካሜራሽ ከደከመው ይረፍ!»

ይሄኔ አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሽ ደገፋ፣ ፍየሏን ይተዉዋት» አለና ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ልጄ፣ ይህን ያህል ርቀህ የመጣኸው አባትህ ተቆጥቶህ ነው? ሰው ሲቆጣ ያልሆነ ነገር ይናገራል። አባትህ ማታ ማታ ስልኩን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል። ምን ብሎ ይጀምር? በሩን እንደሆነ አልዘጋሁ... አልዘጋውም።»

ማንም አልሳቀም። ጋሽ ደገፋ መሀረብ ፈለጉ። እኔ ጀሪካኑ ውስጥ ምን እንደሆንኩ አልነግርህም፤ ላብ ነው በል።

«መልስለት እንጂ!» አሉኝ ጋሽ ደገፋ። «አባት እንዲህ እያለ ልጅ ይዘጋዋል?»

ራሴን ብነቀንቅ ጀሪካኑ ወደ ኋላ ዞሮ ቀረ።

ፍሬሕይወት ትዕይንቱን ቆርጣ አልጣለችውም። ፊልሙ በአረፋ ሦስተኛ ቀን አዳራሽ ይታያል። የቀረው የኤሊያኑ መልስ ብቻ ነው፤ የወንድ ድምፅ ይገባበታል። ደሊል «እኔ ካልሆንኩ» ብሎ ሰፈሩን አስቸግሯል። እኔ ግን «ለድምፁ ሰው አለኝ» አልኳት። ስሙን አልነገርኳትም። ስለዚህ ከአረፋ በፊት ና። መልሱን አንተ ታውቀዋለህ፤ ካቃተህ ፍየሏን ይቅርታ ጠይቃት። ምልኬሳ ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነው፤ እንዲጠብቅህ ለምኜዋለሁ።

አላህ መንገዱን ያቅልልህ፣ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ በሰላም ያገናኘን።

አባባ አሁን በአጠገቤ ሲያልፍ «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።

«ለትምህርት ቤት ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ገርመም አደረገ። «ሰላም በያቸው» አለኝና ወጣ።

እህትህ ሱሃይላ