የሊቀመንበሩ ሬዲዮ ክር

ታድዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። ቁስቋም ስንቀብርህ መሬቱ ደረቅ ነበር፤ አሁን ክረምቱ ገብቶ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነው። መቃብርህ ጋ ከመጣሁ ሰንብቻለሁና አትቀየመኝ።

ሱቅህን አልዘጋሁትም። መጀመሪያ ሰዉ ሴት ደግሞ ሬዲዮ ልትጠግን ነው እያለ ይስቅ ነበር። አሁን ከአዲሱ ገበያ ሳይቀር ይዘው ይመጣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ መበየጃ ሳቀብልህ ዓይኔ ሥራ አልፈታም ነበር። አንተ ግን ዝም ብለሽ አቀብይ ትለኝ ነበር፤ ይኸው!

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ፈርቼ ነው።

ለቀበሌያችን ሊቀመንበር አሥመራ ያለው ወንድሙ አንድ ትልቅ አሮጌ ስቴሪዮ ሬዲዮ ላከለት። ጭነት መኪና ላይ ከበርሜል ጋር ሲንገጫገጭ መጥቶ የእንጨት ሳጥኑ ተሰንጥቋል፣ አንዱ ድምፅ ማጉያ ተነቅሏል፣ የጣቢያ መርፌዋን የሚጎትተው ክርም ተበጥሷል። እሁድ ስብሰባው ላይ ለሕዝቡ ዜና ላሰማበት ነውና በሦስት ቀን አድርሺ አለኝ። ሳጥኑን በኮላ አጣበቅሁ፣ ድምፅ ማጉያውን በየድኩ። የተሳሳትኩት ክሩ ላይ ነው። ያንተ ናይለን አልቆ ነበር። የሸማኔ ልጅ አይደለሁ? ከአባዬ ድር ላይ ቆረጥኩና የጧፍ ሰም ቀብቼ አሰርኩት። እንዴት እንዳማረ! ትናንት የቀበሌው ዘበኛ መጥቶ ሲያጣድፈኝ፣ አንተ ቀኑን ሙሉ ክፍት ትተህ እስኪግል ሳትጠብቅ የማታስረክበውን ሬዲዮ እንዲሁ ሰጠሁት።

ዛሬ ቅዳሜ ጠዋት የራሳችንን ሬዲዮ ከፈትኩ። እሱንም በዚያው ክር አስሬው ነበር። ሲግል ሰሙ ቀልጦ ክሩ ተንሸራተተ። መርፌዋ አዲስ አበባ ላይ ቆማለች፤ የሚናገረው ግን ያ መንግሥትን የሚቃወመው፣ የተከለከለው ጣቢያ ነው። ነገ በሕዝብ ፊት ያ ድምፅ ከአዳራሹ ቢወጣ አሻጥረኛ ከማለት ሌላ ምን ይሉኛል? ቀድሜ ለሊቀመንበሩ ልንገረው ብል ደግሞ የዚያን ጣቢያ ድምፅ በምን አወቅሽው እባላለሁ። ስንቱ ከዚህ ባነሰ ነገር ተወስዶ ቀረ።

የፈሩት ይደርሳል የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፣ ተቀምጬ ከምጠብቀው ብዬ ናይለን ክር ገዝቼ ቤቱ ሄድኩ። ባሌ ሬዲዮ እስኪግል ሳያይ አያስረክብም ነበር፣ እኔ ቸኩዬ ነው፣ አንዴ ልየው አልኩት። ይሄ እንኳ ውሸት አይደለም። ክሩን ቀየርኩ። እሱ ከአናቴ ላይ አልተነሳም።

ሬዲዮው ሲግል ልሞክረው ብሎ ቁልፉን ያዘ። ታድዬ፣ መጀመሪያ ድምፁን ቀነሰ። ከዚያ መርፌዋን እንኳ ሳያይ፣ ጣቱ እንደለመደው፣ በቀጥታ ወደዚያ ጣቢያ ወሰዳት። ሁለት ቃል ያህል ተሰማ። እዚያ መኖሬን የረሳ ይመስለኛል። ቀና ሲል ተያየን። ፊቱ አመድ መሰለ። ወዲያው አዲስ አበባ ላይ መለሳትና፣ ባልሽ ጎበዝ ነበር፣ በይ ሂጂ አለኝ።

ክሩን ቀይሬ እፎይ እላለሁ ብዬ ነበር፤ ይልቁን አሁን ብሶብኛል። ያን ሁሉ ሰው የሚያስፈራ ሰውዬ እኔን ፈርቶኛል። ፈርቶ ምን እንደሚያደርገኝ አላውቅም። ነገ ስብሰባው ላይ የት ልቀመጥ? ፊት ብቀመጥ ያየኛል፤ ኋላ ብቀመጥ ይፈልገኛል። ብቀር ደግሞ ለማን ልትናገር ሄደች ይላል።

ለአባዬም ለእህቴም ትንፍሽ አላልኩም፤ ያወቀ ሁሉ ተጠርቶ ይጠየቃል። አንተን ግን ማንም ጠርቶ አይጠይቅህም። ይህን ወረቀት አሁኑኑ አቃጥለዋለሁ። ቢተዉኝም ቢወስዱኝም አልረሳህም፣ ታድዬ። ምስጢሬን ነግሬው የማልፈራው ሰው አንተ ብቻ ቀረህልኝ።

ያንተው አስቴር