ሁለት ሆድ፣ አንድ ዳቦ

ግንቦት 13 ቀን 1932፣ መተማ

ሙቀት። አለቃዬ የጣሊያኑ ካፒታኖና አንድ ሰሊጥ ነጋዴ ሲነታረኩ ዋሉ፤ እኔ መሀል ቆሜ አስተረጎምሁ። ነጋዴው ያለውን ሁሉ ብተረጉም ኖሮ ዛሬ የማድረው እስር ቤት ነበር። "እግዜር ይስጥልኝ ይላል" አልሁ።

ማታ ከጦሩ የሚሰፈርልኝን ድርሻ ይዤ ገባሁ፤ የፉርኖ ዱቄትና ዳቦ። ሚስቴ አየሁሽ ዳቦውን በሽሮ በላች። ወዲያው ሆዷን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔም ሆዴን ይዤ ተከተልኋት... ወረፋ ጠበቅሁ። ሚስትና ባል በሁሉም ነገር አንድ ናቸው ይባላል።

ግንቦት 25

የጦሩ ሐኪም ዘንድ ሄድን። በሽተኛውም አስተርጓሚውም እኔ። የኔን ሆድ ነካ ነካ አደረገ፣ የሷንም። "ፍርሃት ነው" አለ። ለሁለታችንም።

"ሚስትህ ምን ትፈራለች?"

ተረጎምሁላት። "ይኸን የመሰለ ሐኪም" አለች። ይኸን አልተረጎምሁም።

ሰኔ 12

ኮሶ ጠጣን። ከሷ የወጣ ነገር የለም። አሁን ኮሶም ጉልበትም የላትም።

ሐምሌ 19

አየሁሽ እንስራ ማንሳት አቃታት። ጎረቤታችን እትዬ ሁሪያ ሱቃቸውን ዘግተው ቀዱላት። ምላሷ ቆስሏል፣ ፊቷ ሰም መስሏል። የበላችው ሁሉ የት ይገባል? እኔም እንደሷ ሆዴን እታመማለሁ፤ ቀበቶዬ ግን ያው ቀዳዳ ላይ ነው።

ነሐሴ 4

አንድ ነገር አስተዋልሁ። እሷን ሌሊት ሳይቀር ከእንቅልፏ ይቀሰቅሳታል። እኔን አንድም ቀን ቀስቅሶኝ አያውቅም። የኔ አብዝቶ የሚነሳው ጧት ጫማዬን ሳስር ነው። እሑድ ሥራ ስለሌለ አይነሳም።

ነገርኋት።

"ያንተ ሆድ ክርስቲያን ነው፣ ሰንበት ያከብራል" አለች። ከዚያ ዞራ ተኛች።

መስከረም 30 ቀን 1933

እትዬ ሁሪያ በር ላይ ያዙኝ። "አዛናው፣ ይቺ ልጅ እየሄደችብህ ነው። አይታይህም?"

"ይታየኛል።"

"ታዲያ?"

ገብቼ ዳቦውን በወተት አርሼ አበላኋት። የሚያጠነክር ምግብ እሱ ነው...

ጥቅምት 28፣ መንገድ ላይ

እንግሊዞች ትናንት ጧት ከድንበሩ ማዶ ከገላባት በኩል በመድፍ ገቡ። ከተማው ተበተነ። እትዬ ሁሪያ የጨርቃቸውን ጭነት ጥለው አየሁሽን ግመላቸው ላይ አወጧት። "ጨርቅ ይገኛል" አሉ። እኔ በእግሬ። ካፒታኖውን አልተሰናበትሁም።

ኅዳር 22፣ ገንዳ ውሃ አጠገብ

የእትዬ ሁሪያ ዘመዶች ግቢ ነን። ጧት የማሽላ ገንፎ፣ ማታ ኪስራ የሚሉት የማሽላ ስስ ቂጣ። ነገም ማሽላ። ዳቦ ናፈቀኝ። አየሁሽ ዛሬ "ትንሽ ጨምሩልኝ" አለች። ሁላችንም ዞረን አየናት።

ታኅሣሥ 24

አየሁሽ ወፍጮ ላይ ተቀምጣ ዘፈነች። ድምጿ አያምርም። ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ሰማኋት።

የኔም ሆድ ዝም ብሏል። መድፍ ያድናል እንዴ? ካፒታኖውም ዳቦውም አንድ ቀን ነው የጠፉብን። ያዳነን የትኛው ነው?

የካቲት 8፣ መተማ

ጣሊያን ለቆ ስለወጣ ተመለስን። ጣራችን የለም።

የእንግሊዝ መኮንን ጣሊያንኛና አረብኛ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ አስጠራኝ። ጫማዬን ሳስር ሆዴ ተነሳ። ዳቦ ከቀመስሁ ወራት አልፈዋል። እንግዲህ የኔ ከዳቦ አይደለም። "ፍርሃት ነው" ያለው ያ ሐኪም ግማሹን አውቆ ነበር።

ሚያዝያ 15

በፋሲካ ዘመድ ከደጋ ባመጣው ስንዴ ድፎ ተደፋ። ሁለታችንም በላን። እኔ ደህና ነኝ። እሷ ከዚያ ወዲህ ኑሮዋ ጓሮና አልጋ ሆኗል።

"ስንዴው ነው" አልኋት።

"ስንዴ? ሰው ሁሉ የሚበላው ስንዴ? ጾም ስገድፍ ቅባቱ ከብዶኝ ነው።"

"እንተወውና እንየው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ሐኪም ሆንህ?"

ግንቦት 20

ስትተወው ዳነች። ዛሬ ደግሞ ከእትዬ ሁሪያ ዘንድ ዳቦ ይዛ ገባች፤ ምንም ሳታስከትል ደረቁን ልትበላ።

"ምን ያደርግልሻል?" ብዬ ጮህሁባት።

"ዕድሜ ልኬን የምተወውን ነገር በግምት አልተወውም።"

በላችው። እጄን አጣምሬ ተቀመጥሁ። ምን ላድርግ? እንዳይሆን ጸለይሁ፤ ከዚያ ደግሞ ቶሎ ሆኖ እንድናውቀው ጸለይሁ።

ግንቦት 23

ሆነ። "በቃ፣ ተፋታን" አለች ከአልጋዋ። ደንግጬ ቀና አልሁ። ስንዴውን ነው።

ሰኔ 17

በሶም ያው ነው። ገብስ የስንዴ ወንድም ኖሯል። ጤፍ አይነካትም፤ ማሽላ አይነካትም። ማን ሰው ያምነናል? እኔም ያመንሁት አይቼ ነው።

ነሐሴ 24

ዛሬ የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ነበር። አየሁሽ ሞልታለች፤ ቀሚሷን አስፍታ ነው የመጣችው። አባ ገብረማርያም ዳቦውን ባርከው ቆርሰው አደሉ። እሷ ዘንድ ሲደርሱ እጇን አልዘረጋችም።

"ልጄ፣ የጻድቁ በረከት ነው እኮ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። አቀረቀረች። ሆዴ ወዲያው ተጠማዘዘ። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የራሴን ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ የሰው ቃል ሳመላልስ ነው የኖርሁ። ተነሳሁ።

"አባታችን፣ አየሁሽን ስንዴ ያማታል። ባለፈው ዓመት ልትሞትብኝ ነበር። ንቀት አይደለም።"

"ስንዴ?"

"ስንዴ።"

አንዱ ሳቀ። አባ ግን የማሽላ ንፍሮ አስመጡ። ባረኩት። በራሳቸው እጅ ዘገኑላት። "ጻድቁ የማሽላም ናቸው" አሉ።

የሷን ቁራሽ እኔ በላሁ። ከዚያ ሮጬ ወጣሁ። ቁጥቋጦው ጀርባ ብዙ ቆየሁ። ስመለስ የሳቀው ሰውዬ ቦታዬ ላይ ሊቀመጥ ሲል አየሁሽ እጇን ዘርግታ ከልክላዋለች።

"የባሌ ነው" አለችው። "ይመጣል።"