የቀዮ ግራ ዓይን

ታምሩ ሆዴ፣

ከተለያየን ስድስት ወር ሞላን። እንደምን ሰነበትክ ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት ነው። ለዓይን ሕክምና ኦቾሎ ወጥተህ ሳምንት ስትቆይ በሰው እጅ የምልክልህ ወረቀት ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጀምረው። አሁን ግን ምን ብዬ እንደምጠይቅህ ግራ ስለገባኝ የእኛን ልንገርህ።

ይህን የምጽፈው በረንዳ ላይ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ሳሎን መቀመጥ አልሆነልኝም። እገባና ወንበሩ ጫፍ ላይ አረፍ እላለሁ፤ ወዲያው እነሳለሁ። ጓዳ እሄዳለሁ፣ ምን ፈልጌ እንደገባሁ ይጠፋኛል፣ ባዶ እጄን እወጣለሁ። ግቢውን ስጠርግ ያየችኝ ጎረቤት ከአንድ ሰዓት በኋላ መልሼ ስጠርገው አይታ ሐዘን ነው፣ ይወጣልሻል አለችኝ። ሐዘንስ ሐዘን ነው። ሌላም ነገር ስላለበት ግን ለአንተ ልናገረው ብዕር አነሳሁ። ዋናው ነገር ላይ ሳልደርስ ዙሪያውን እንደምዞር ታውቀኛለህ፤ ታገሰኝ።

ማንጎው ዘንድሮ አብዝቶ አፍርቶ ነበር፤ ዝንጀሮዎቹ ከእኔ ቀደሙ። የዶርዜ ጋቢህን አጥቤ አጣጥፌዋለሁ፤ ሳጥን ውስጥ ግን አላስገባሁትም፤ ወንበርህ ላይ ነው። ባጃጆች አሁን እስከ በራችን ይመጣሉ። የመድኃኒት መሳቢያህን አንድ ቀን ከፍቼዋለሁ። እሱንም እነግርሃለሁ።

ከሦስቱ ዓሦችህ የቀረው ቀዮ ብቻ ነው።

ቆይ፣ አይቼው ልምጣ።

ደህና ነው። እንዴት እንዳመጣሃቸው ትዝ አለኝ። የሚሊኒየሙ ዓመት ነበር፤ ከአዲስ አበባ እስከ አርባ ምንጭ አየር የተሞላ ላስቲክ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ፣ አውቶቡሱ በነጠረ ቁጥር እንደ ሕፃን አቅፈህ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀ። ሁለት ሐይቅ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ከአዲስ አበባ ይሸከማል ተባለ። መቼ ነው የሚጠበሱት የሚልህ ነበር፤ አንዱ እንኳን ሲያድጉ ጥሩኝ ብሎህ ነበር። እኔም ሳቅሁብህ። የሐይቅ ዳሯ የላንቴ ልጅ ነኝ፤ ዓሣ ለእኔ ወይ ጉላሽ ነው ወይ ጥብስ። አንተ ግን የመስታወት ገንዳውን ሳሎን ውስጥ አቆምክ፣ የአየር ሞተሩን ሰካህ፣ ከፊቱ ቁጭ አልክ።

አንድ ቀን ለምን ይህን ያህል እንደምታያቸው ጠየቅሁህ። ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ስታክም፣ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን የሚወጋውን ቆብ ስትቀድና ስትሰፋ ትውላለህ። ዓሣ ደግሞ ቆብም ሽፋሽፍትም የለውም፤ እዚህ የምቀድደው ስለሌለ ነው የማርፈው አልከኝ። ያን ቀን አልሳቅሁም።

መብራት ሲጠፋ ሞተሩ ይቆማል። አንተ ጣሳ ይዘህ ከገንዳው ትቀዳና መልሰህ ከፍ አድርገህ ታንቆረቁራለህ፤ ትቀዳለህ፣ ታንቆረቁራለህ። በዚህ ሙቀት አየር ያጥራቸዋል ትላለህ። ክንድህ ሲዝል ትጠራኛለህ፤ እኔም እያጉረመረምኩ ጣሳውን እቀበልሃለሁ። አንዳንዴ መብራቱ እስኪመጣ ሁለት ሰዓት እንቆያለን። ከወሬያችን ሁሉ ጥሩው ያን ጊዜ የምናወራው ነበር።

እንግዲህ ወደ ነገሬ ልምጣ።

ሆስፒታል በተኛህባቸው የመጨረሻ ቀናት ከራስጌህ ያለው ኦክስጅን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ እያለፈ ቡልቅ ቡልቅ ይል ነበር። እኔና እህትህ እትዬ አስናቀች ተራ በተራ ከአጠገብህ ሆነን እሱን ስንሰማ ከረምን። ድምፁ ካለ አንተም አለህ ብለን ነበር የምናስበው። ካለፍክ በኋላ ግን ነርሷ መጥታ እስክትዘጋው ድረስ ቡልቅ ቡልቅ ማለቱን አላቆመም። ያን ጊዜ ጠላሁት።

ቤት ስንደርስ ድንኳኑ ተተክሎ፣ የዕድሩ ሰዎች ወንበር እየደረደሩ ነበር። እትዬ አስናቀች ገብታ ራዲዮኑን አጠፋች፣ ቴሌቪዥኑን በነጠላ ሸፈነች። ቤቱ ጭጭ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የገንዳህ ሞተር ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ያው ድምፅ፣ ታምሩ። አልቻልኩም። ሰው ሁሉ ደጅ ሲላቀስ እኔ ገብቼ ሶኬቱን ነቀልኩት። ጥቂት ልረፍ፣ ከዚያ እሰካዋለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ አስቀመጡኝ፣ ከበቡኝ፣ ረሳሁት።

ሦስት ቀን ሙሉ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ደግሞ የሚለኝ ሲያጣ ገንዳው ጋ ሄዶ ዳቦ ይፈረፍራል። ሁለቱንም ዓይኖቿን የሠራህላት የኦቾሎዋ እናት እንኳን ያን ሁሉ መንገድ መጥታ፣ እያነባች፣ ከሻይዋ ጋር የተሰጣትን ዳቦ አበላቻቸው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተገኙ። ቀዮ አፉን ከውኃው በላይ አውጥቶ ያለከልካል።

ሞተሩን ማን አጠፋው ተባለ። አንዷ፣ ራዲዮኑን ያጠፋችው እትዬ አስናቀች ናት፣ እሱንም እሷ ትሆናለች አለች። የታምሩን ዓሦች የገዛ እህቱ ፈጀቻቸው የሚል ሹክሹክታ ተነሳ። እትዬ አስናቀች ለማንም ሳትመልስ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሐዘንተኛ ስለሆንኩ ማንም ምንም አልጠየቀኝም።

ከአርባህ ወዲህ እግሯ ከዚህ ቤት ቀረ። እሷ ካለችበት ሲቀላ እኛ ያለንበት ሴቻ በባጃጅ ምን ያህል ነው? እሷ አልመጣችም፣ እኔም አልሄድኩም።

ሞተሩን መልሼ ሰክቼዋለሁ። ሳሎኑን ግን ዘጋሁት። ጠዋት በሩን ከፍቼ ምግቡን በትኜ እሮጣለሁ። አንተ በየሳምንቱ የምትቀይረውን ውኃ ሁለት ወር ሳልነካው ቀረሁ። ባለፈው ወር ገብቼ ሳየው የቀዮ ግራ ዓይን ደፍርሷል። በማግስቱ አበጠ፤ በሦስተኛው ቀን ሽምብራ አክሎ ወደ ውጭ ወጣ። በጎኑ እየዋኘ ከመስታወቱ ጋር ይጋጫል።

ያኔ ነው መሳቢያህን የከፈትኩት። ስንት ዓመት የዓይን ነርስ ሚስት ሆኜ የተማርኩት ምን መሰለህ? ዓይን ታመመ፣ ቴትራሳይክሊን ተቀባ። በእርጥብ ጨርቅ ያዝኩት፣ እየተወራጨ ቀባሁት፣ መልሼ ለቀቅሁት። ቅባቱ ከዓይኑ ወጥቶ እንደ መረቅ ቅባት ውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ብታየኝ ትስቅ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ትቆጣ ነበር።

ክዳን ባለው ባልዲ አድርጌ በባጃጅ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ከፊቴ አህያ፣ ከኋላዬ ጥጃ የያዘ የላንቴ ሰው። ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ሲያይ፣ እናቴ፣ የዓሣ ሐኪም እኮ ዘይት ነው አለኝ። ሳቄ መጣ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ዓሣ አክሜ አላውቅም ብላ በግልጽ ነገረችኝ፤ ግን አላባረረችኝም። ሐይቁ ላይ ስለ ዓሣ የሚያጠና ጓደኛዋ ጋ ደወለች፣ እሱ የሚላትን እየሰማች ትጠይቀኛለች። ስለ ዓይኑ መስሎኝ ነበር። የጠየቀችኝ ስለ ውኃው ነው። በስንት ቀን ይቀየራል? የተረፈ ምግብ ይወጣል? ሞተሩስ ቆሞ ያውቃል? አንተ ነበር የመጣህብኝ። ልጃቸውን አዝለው የሚመጡትን እናቶች፣ ቅባቱን ከመስጠትህ በፊት፣ ፊቱን በምን ውኃ ታጥቢዋለሽ፣ በቀን ስንት ጊዜ ብለህ የምትጠይቀው።

ሞተሩ ቆሞ ነበር አልኳት። ማን አጠፋው አላለችኝም፤ ማንም አላለኝም። እኔው ጨመርኩበት፦ የባለቤቴ እህት በለቅሶው ጊዜ አጥፍታው ነው።

አፌ ሲናገር ጆሮዬ ሰማው። ስለ ቤታችን ምንም ለማታውቅ ልጅ፣ ማንም ሳያስገድደኝ። አፈርኩ። የምትለኝን ሁሉ ጻፍኩ፤ ውኃውን በየቀኑ ሲሶውን ብቻ መቀየር፣ የቧንቧውን ውኃ አንድ ቀን ማሳደር፣ ለብቻው ሳፋ ውስጥ ማድረግ፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን የእንግሊዝ ጨው በልኩ መጨመር፣ ሁለት ቀን አለማብላት፣ ቅባት ፈጽሞ አለማስጠጋት። ዓይኑ ላይተርፍ ይችላል፣ ዓሣው ግን በአንድ ዓይን ይኖራል አለችኝ። ወጥቼ ባጃጅ ያዝኩና ወደ ሴቻ ሳይሆን ወደ ሲቀላ ንዳ አልኩት።

እትዬ አስናቀች በር ላይ ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር። ባልዲውን መሬት ላይ አስቀምጬ፣ ቁጭ ሳልል፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት አልኳት። የሆስፒታሉ ጠርሙስ ድምፅ ሆኖብኝ ነው ብዬ ልቀጥል ስል እጇን አነሳች።

አይቼሻለሁ እኮ አለችኝ። እኔም ልነቅለው እየገባሁ ነበር፤ ቀደምሽኝ።

እዚያው ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አለቀስን፤ በድንኳኑ ጊዜ እንኳን እንዲያ አላለቀስንም። ለምን ዝም አልሽ አልኳት። ስለ አንቺ ከሚያወሩ ስለ እኔ ያውሩ ብዬ ነው አለች። ለምንስ ቀረሽ ስላት፣ አንቺ እስክትመጪ ነዋ አለችኝ፤ ተቆጥታ። ከዚያ ክዳኑን ከፍታ ቀዮን አየችውና፣ ይሄ ምስኪን፣ ምን አድርገሽው ነው እንዲህ ቅባት ቅባት የሚሸተው አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየጠዋቱ ትመጣለች። እኔ ያደረውን ውኃ እቀዳለሁ፣ እሷ ጨዉን ታሟሟለች። እንደ ልማዷ ታዘኛለች፣ እኔም እንደ ልማዴ እመልስላታለሁ። እብጠቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደበት፤ በትንሽ በትንሹ ጎደለ። ዓይኑ ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ በግራ የመጣ ነገር አያይም። ምግቡን በቀኙ በኩል እጥልለታለሁ። ይቅር በለኝ፤ ያንን ዓይን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ከሳፋው ወደ ገንዳው መለስነው። እትዬ አስናቀች ሞተሩን ስትሰካ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ወደ በረንዳ ወጥቼ ይህን ደብዳቤ ጀመርኩ።

አሁን ግን ወረቀቱን ይዤ ገብቻለሁ። ይህን መስመር የምጽፍልህ ሳሎን፣ ከጋቢህ አጠገብ ሆኜ ነው። ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ተመልሻለሁ። እህትህ ጥጧን ይዛ ወዲያ ማዶ ተቀምጣ እንዳላየች ሆናለች። አልረሳህም ብዬ ልምልልህ ነበር፤ ለመርሳትማ አልታደልኩም። ቃል የምገባልህ ይህን ድምፅ እየሸሸሁ እንዳልኖር ነው። ስሰማው ጠርሙሱ ብቻ እንዳይታወሰኝ፣ ጣሳው፣ የዛለው ክንድህ፣ ያን ጊዜ የምናወራው ሁሉ

መብራት ጠፋ። ሞተሩ ቆመ፣ ታምሩ፤ ቤቱ ጭጭ አለ።

ጣሳው የታለ ትላለች እትዬ አስናቀች። እኔ ልቅዳ፤ ሲደክመኝ እሷ ትቀበለኛለች።

የአንተው
አማረች