ለዱዌይን የተከፈተው ዘፈን የዱዌይን አልነበረም

ለክቡር ሚስተር ግራንት ሃልስቴድ
የማርሎው «በያጆች» የቤዝቦል ቡድን ባለቤትና ፕሬዚዳንት
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ የእርስዎና የቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በመስታወት በተከለለው የላይኛው ክፍልዎ ውስጥ ያለው ማሞቂያ እንዴት እንደሰነበቱ በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ ከጉልበቴና ከቡድንዎ በስተቀር ደህና ነኝ።

ስሜ ሌስተር ሁድራክ ይባላል። ትምህርት ቤት በልጅነቴ ትቼ፣ የቀረኝን ከከተማው ቤተ መጻሕፍት እያነበብኩ፣ በወንዙ ዳር በነበረው የቧንቧ ፋብሪካ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ስበይድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቡድኑ «በያጆች» የተባለው በእኛ ነው። ይህን የማነሣው ምናልባት አልሰሙ ይሆናል ብዬ ነው፤ ምክንያቱም ባሠሩት አዲስ ዓርማ ላይ ያለው በያጅ መከላከያ ጭንብሉን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ዓይኑን አፍጥጦ እሳቱን ያያል። እንደዚያ የሚበይድ ሰው ብዙ ሳይቆይ የገዛ እጁን ማየት ይሳነዋል። መቺዎቻችን ኳሷን ለምን እንደማያዩዋት የገባኝ ዓርማውን ካየሁ በኋላ ስለሆነ፣ ስለ ማብራሪያው አመሰግናለሁ።

የምጽፍልዎ ግን ስለ ዓርማው ሳይሆን በሐምሌ ወር ስላረፈው ወዳጄ ስለ ዱዌይን ፓቪች ነው። ዱዌይንና እኔ በአንድ ፋብሪካ ሠርተን፣ በስታዲየምዎ በግራ በኩል፣ ከብረት ምሰሶው አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠን ፀጉራችን እስኪሸብት ድረስ ቡድኑ ሲሸነፍ አይተናል። ቤዝቦል፣ ክቡር ሆይ፣ አብዛኛው ጊዜው መጠበቅ ነው። ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ያስባል፣ መቺው ጓንቱን ያጠብቃል፣ ዙሩ ሲያልቅ ተጫዋቾቹ ቦታ ይለዋወጣሉ። እኛ ያንን ክፍት ጊዜ የምንሞላው ስለ ሮክ ባንዶች በመከራከር ነበር። እሱ የ«ሰባት መስኮት» ሰው ነው፤ እኔ የ«ዝገት ባቡር»። በእኔ እምነት ሮክ ማለት ጊታር፣ ከበሮና የሚናገረውን ተናግሮ የሚያበቃ ዘፋኝ ነው። የእሱ ባንድ ግን ዋሽንት ነበረው።

«ሌስተር፣ ያንተ ሰውዬ እየዘፈነ ነው ወይስ ጣቱን በር ቆርጥሞት ነው?» ይለኛል።

«ያንተው እኮ ዘፈኑን እስኪጀምር ድረስ አንድ ዙር ያልቃል» እለዋለሁ።

«ትዕግሥት ይጠይቃላ፣ ወንድሜ። ይህን ቡድን የማይበት ትዕግሥት ከየት የመጣ መሰለህ?»

በዚህ መካከል ከሚገባን በላይ ኦቾሎኒ እንበላለን፣ በያጆችም ይሸነፋሉ። እሱ ሐሳቡን ለውጦ አያውቅም፤ እኔም አልለወጥኩም፣ አሁንም አልለውጥም።

በየዓመቱ የመክፈቻ ቀን ደግሞ እጅ ተጨባብጠን እንወራረድ ነበር። እኔ «ዘንድሮም የሊጉ መጨረሻ ነን» እላለሁ፤ እሱ «አይደለንም» ይላል። የተሸነፈው በሚቀጥለው ዓመት መክፈቻ የሌላውን ባንድ ቲሸርት ለብሶ ዘጠኙንም ዙር ይቀመጣል። የማርሎው ሚያዝያ በረዶ የሚያዘንብበት ጊዜ ስላለ፣ ዱዌይን የ«ዝገት ባቡር»ን ቲሸርት ከካፖርቱ በላይ ይለብሰው ነበር፤ ተወጥሮ ላዩ ላይ የተሳለው ባቡር ከብብት እስከ ብብቱ ይዘረጋል። «ይለብሰው ነበር» ያልኩት በቡድንዎ ምክንያት አሸናፊው ዘወትር እኔ ስለነበርኩ ነው። ከኋላችን የሚቀመጡት፣ «ዱዌይን፣ ዘንድሮም ባቡሩ ላይ ተሳፈርክ?» ሲሉት፣ በጣቱ ወደ ሜዳው ያመለክትና፣ «ምን ላድርግ፣ ትኬቱን የሚቆርጡልኝ እነዚያ ናቸው» ይላቸዋል።

አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንዴ እንኳ በእኔ በኩል ሆነህ አትወራረድም?» አልኩት።

«ሁለታችንም መጨረሻ ናቸው ካልን ማን ሊያያቸው ይመጣል?» አለኝ።

ይህን ካወቁልኝ፣ አሁን ቅሬታዎቼን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ። በሁሉም ምሰሶ ላይ ስላስተከሉት ድምፅ ማጉያ የላቀ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ከእኛ ምሰሶ ላይ ያለው ከሁሉ የበለጠ መሆኑን ጆሮዬ ይመሰክራል። ወርዋሪው ኳሷን ይዞ ሲያስብ ጭብጨባ ይለቃል፤ መቺው ሲራመድ ዘፈን ይለቃል፤ ዙሩ ሲያልቅ የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ይለቃል። በክፍት ጊዜ ሰዎች ስለ ውጤቱ እንዳያስቡ የታቀደ መሆኑ ይገባኛል፤ በእርስዎ ቦታ ብሆን እኔም ሰዎች ስለ ውጤቱ እንዲያስቡ አልፈልግም። ነገር ግን ዱዌይን የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ድምፁ ሹክሹክታ ብቻ ሆኖ ነበር። ጎረቤት ያስቸግር የነበረው ሰው፣ አፉን ጆሮዬ ላይ ካልደቀነ የማይሰማ ሆነ። የሚናገርበት ጊዜ ያ ክፍት ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱን ነው የሞሉት። እኛ ጩኸት የማይወዱ ሽማግሌዎች አይደለንም። ጩኸትማ ዕድሜ ልካችንን ስንወድ ኖረናል፤ የመረጥነውን ጩኸት።

ሁለተኛ። የምሰሶው ማጉያ ብቻ ዝቅ እንዲልልን፣ ካልሆነም ቦታ እንዲቀየርልን ቢሮዎን በትሕትና ጠይቄ ነበር። ቢሮዎም በፍጥነት፣ በደግነትና በፈገግታ ሁለት ኮፍያ ሰጠን። በኮፍያው ላይ ያ ዓይኑን ያፈጠጠ በያጅ አለበት። ጆሯችንን የሚሸፍን ቢሆን ኖሮ ምንኛ በጠቀመን።

በሰኔ ወር፣ ዱዌይን ለመጨረሻ ጊዜ በመጣበት ቀን፣ በሰባተኛው ዙር ላይ ክንዴን ያዘኝና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። በዚያች ቅጽበት ማጉያዎ ጎማውን ማስተዋወቅ ጀመረ። «ምን አልክ?» አልኩት። ደገመልኝ። ጎማው አላለቀም። «ምን?» አልኩት እንደገና። እጁን አወዛወዘና «ተወው» አለ፤ ይህን ያወቅሁት ከከንፈሩ ነው። ስለ ዘፋኜ አንድ ስድብ ይሆናል፤ ኦቾሎኒውን አቀብለኝ ማለቱም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሆስፒታል ገባ፣ ቱቦ አደረጉለት፣ አልተናገረም። ጎማው በክረምት መንገድ እንደማያንሸራትት ግን ቃል በቃል ልነግርዎ እችላለሁ።

ሦስተኛ። በነሐሴ ወር ያረፉ ደጋፊዎችን ለማሰብ ያደረጉት ሥነ ሥርዓት በእውነት ልብ የሚነካ ነበር። የዱዌይንን ባለቤት ሎሬንን በክብር ጋብዛችሁ ከእኔ አጠገብ፣ በእሱ ቦታ አስቀመጣችኋት። ፎቶግራፉን በትልቁ ስክሪን ላይ አሳያችሁ፤ ከካፖርቱ በላይ ቲሸርቱን ለብሶ፣ ብርዱ አፍንጫውን አቅልቶት፣ ጥርሱን ነክሶ። ፈገግታ መስሏችሁ ይሆናል። ከዚያም አስተዋዋቂው «ዱዌይን ፓቪች ዕድሜ ልኩን ከልቡ ሲወደው የኖረው ባንድ» አለና የ«ዝገት ባቡር»ን እጅግ የሚጮኸውን ዘፈን ከፈተ።

ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሎሬን እጅጌዬን ያዘች።

«ሌስተር፣ ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ?»

«የኔ ነው» አልኳት።

«ታዲያ የዱዌይን የት አለ?»

ክቡር ሆይ፣ በዚያች ሰዓት የዕድሜ ልክ ክርክሬን አሸነፍኩ። ስታዲየሙ በሙሉ ከእኔ ባንድ ጎን ቆመ፤ የሚመልስልኝ ሰው ግን አጠገቤ አልነበረም። ሁሉም ቆሞ እኔ ብቻ ተቀምጬ ነበር። እጅግ የምወደው ዘፈን ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቴ ውስጥ ከፍቼው አላውቅም።

በማግሥቱ ቢሮዎ ደውዬ ስሕተት መፈጸሙን ባስረዳ፣ አንዲት እጅግ ጨዋ ወጣት፣ «አባባ፣ የየዓመቱን የመክፈቻ ፎቶ አንድ በአንድ አይተናል፤ ሁልጊዜ እሱን ነው የለበሰው። ይህን ያህል የሚወድ ሰው እኛም አይተን አናውቅም» አለችኝ። ልጅቷን አልወቅሳትም። ማስረጃዋ ሙሉ ነው። ማስረጃውን የሠራው ግን ቡድንዎ ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ በያጆች አንድ ጊዜ ብቻ ከመጨረሻው ከፍ ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ከፎቶግራፎቹ በአንዱ ላይ እኔ ዋሽንታሙን ባንድ ለብሼ፣ እሱ ደግሞ አጠገቤ እየሳቀ ታገኙን ነበር፤ ልጅቷም ቆም ብላ ትጠይቅ ነበር። አንድም ጊዜ አልሆነም። ስለዚህ ዱዌይን የቡድንዎን ሽንፈት በደረቱ ለብሶ ኖረ፤ ከሞተ በኋላም ፍቅሩ ነው ብላችሁ ለሕዝብ አሳያችሁት።

አራተኛው በስታዲየምዎ ስለሚሸጠው ሰናፍጭ ነበር። ትቼዋለሁ።

አሁን ልመናዬን ላቅርብ። በመጪው እሑድ በስታዲየምዎ ከደንበሪ ቡድን ጋር የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ አለ። ሁለታችንም በእኩል ውጤት የሊጉ ግርጌ ላይ ስለሆንን፣ የሚያሸንፈው ከግርጌው ይወጣል፣ የሚሸነፈው ብቻውን እዚያው ይቀራል። በዚያ ቀን ከጨዋታው በፊት አስተዋዋቂዎ የዱዌይን ፓቪችን ስም እንደገና ይጥራ፤ ቡድኑ መሳሳቱን በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይናገር፤ ከዚያም የ«ሰባት መስኮት»ን ዘፈን፣ ያንን ዋሽንት ያለበትን ረጅሙን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሰማ። በመካከሉ ጎማ አይግባበት። ሰዎች ይሰለቻሉ የሚሉ ከሆነ፣ ስልቹ የሆነ ሰው ወደዚያ ስታዲየም መምጣት ያቆመው ከብዙ ዓመት በፊት መሆኑን ላስታውስዎ።

እኔ አልነሣም። ለዚያ ዋሽንት እንደማልነሣ ለዱዌይን በወጣትነቴ ነግሬዋለሁ፤ አሁን ብነሣ ይታዘበኛል። ስለ ባንዱም ያለኝ አስተያየት ያው ነው። ኮፍያዬን ግን አወልቃለሁ፤ የሰጣችሁኝን ሳይሆን የራሴን።

ለጤናዎ፣ ለመስታወትዎ ጥራትና ለማሞቂያዎ ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ይህን የሽማግሌ ጽሑፍ በሁለት ዙሮች መካከል፣ ጸጥታ ካገኙ፣ እንዲያነቡልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

የስታዲየምዎ የግራው ምሰሶ ነዋሪ፣ የቡድንዎ ያልታደለ ወዳጅ፣
ሌስተር ሁድራክ
ማርሎው

ማስታወሻ፦ የዘንድሮው ውርርድ አልተዘጋም። በሚያዝያ ወር፣ ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ ስላልነበረው፣ እጄን ጨብጦ ራሱን በመነቅነቅ «አይደለንም» ብሎኛል። ባለፈው ሳምንት ሎሬን ቁም ሣጥኑን ስታጸዳ አንድ የ«ሰባት መስኮት» ቲሸርት አግኝታ አመጣችልኝ። ሳይከፈት ከነላስቲክ መጠቅለያው ነው፤ ላስቲኩ ከማርጀቱ የተነሣ ቢጫ ሆኗል። ለዱዌይን ሁለት እጥፍ ይሰፋዋል። በእኔ ልክ፣ ከካፖርቴ በላይ እንዲሆን ተብሎ የተገዛ ነው። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ውርርድ መሸነፍ እፈልጋለሁ፤ ይህን ሙያ ደግሞ ከእርስዎ ቡድን የተሻለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ ለእሑድ አንድ ቀን ብቻ ለእኔ እንዲለቁልኝ እጠይቃለሁ።