ስልኩ የዘለላቸው ፊደላት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እማዬም እኔም አለን። የስልክ መስመር ገና ስላልተመለሰ ይህን የምልክልህ ወደ አዲስ አበባ በሚሄደው ጎረቤታችን በረዲ እጅ ነው።

የምጽፍልህ አባታችን አቦይ ስለ ሐብሩ ወረዳ ሰዎች ስለጻፈው መጽሐፍ ነው። በጦርነቱ ወልድያ በተያዘች ሰሞን እንጨትም ከሰልም ጠፋ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያበስልበት አጣ። አቦይ አልጋ ሥር የነበሩትን ቅጂዎች እያወጣ ለምድጃ ሰጠ። እማዬ ስትጮህበት፣ ልጄ ስልክ ላይ አስቀምጦልኛል፣ እሱ አይነድም ብሎ ሳቀ።

ቤት የነበረውን የመጨረሻ ቅጂ ካነደድን በኋላ ከስልክሽ አንብቢልኝ አለኝ። ወንድሜ፣ አትቀየመኝ፤ ስልክ ላይ የሠራኸው ቅጂ ልክ አይደለም። ቋ፣ ሟ፣ ጧ ባሉበት ሁሉ ባዶ ሳጥን ነው ያለው። የምዕራፉ ርእስ ከገጹ ግርጌ ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። የእናቶቹ ሙሾ ስንኙ መሐል ለመሐል ተሰብሮ ተራ ወሬ መስሏል። አቦይ ሰማኝና፣ ይሄ የኔ መጽሐፍ አይደለም አለ። ማረሚያ የሚሆን አንድ ቅጂ መርሳ ከተማ፣ ወዳጄ ጋሽ አብዱልሐሊም ዘንድ አለ ብሎ በማግስቱ በእግሩ ተነሣ። ብንለምነው አልሰማንም።

መንገድ ሲከፈት ጋሽ አብዱልሐሊም ራሳቸው መጡ። መጽሐፉንና የአቦይን ጋቢ ይዘው ነበር። ከመርሳ ሲመለስ መንገድ ላይ የቀረውን አቦይን የት እንዳገኙት ለእማዬ ብቻ ነገሯት። መጽሐፉ ረጥቦ ደርቋል፣ ጠርዙም ጠቁሯል። ስፌቱ ግን አልላላም፤ አንድ ፊደል እንኳ አልጠፋበትም።

አሁን ከሰዓት በኋላ ስልኩንና መጽሐፉን እያስተያየሁ አርማለሁ። የምነግርህን ሰምተህ አብዳለች እንዳትለኝ። ስልኩን ጮክ ብዬ ሳነብ ሳጥኑ ጋ ስደርስ እቆማለሁ። ያኔ ከውስጠኛው ክፍል የጎደለው ቃል ይሰማል፤ ቀስ ብሎ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ። መጀመሪያ ቀን «ጧት» አለኝ። የታተመውን ገልጬ ሳይ ጧት ይላል። ዘልዬ ገባሁ። ማንም የለም፤ አልጋው እንደተነጠፈ ነው። እማዬ ጥጧን መፍተሏን ሳታቋርጥ፣ ምን ያስደነግጥሻል፣ እያረመሽ ነው እኮ አለችኝ።

ትናንት ሆን ብዬ በሳጥኑ ቦታ የተሳሳተ ቃል አነበብኩ። «ተመለሺ» አለኝ፤ ልጆች ሳለን አቦይ ንባብ ሲያስጠናን ይለን እንደነበረው። ተመልሼ አነበብኩት። ምን አደርጋለሁ?

እርማቱን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። አደራህን፣ ፊደላቱን መልሳቸው፤ ሙሾውንም ስንኝ በስንኝ አድርገው። አንድ ነገር ላይ ብቻ አልወሰንኩም። መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፎቶው ሥር፣ «ደራሲው ከባለቤታቸው ጋር በወልድያ ይኖራሉ» ይላል። እኔ ይስተካከል ብዬ ነበር። እማዬ ግን እሱን እንዳትነኩት፣ ልክ ነው ብላለች።

እመቤታችን አንተንም ልጆችህንም በጥላዋ ትሰውርልን፤ ዓይንህን ለማየት ታብቃን።

የምትናፍቅህ እህትህ
ከወልድያ