ብርዱ ያልጠጣው ናፍጣ

ይድረስ ለልጄ ለፀደንያ ወልደአረጋይ፣ ጎዴ።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? የጎዴ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ባለቤትሽ ገብረአብስ፣ ወገቡ ተሻለው? ትንሿ ወይንሸት ምን አከለች? እንደ እናቷ ቃል መላሽ ሆነች? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ እንደምታውቂው ነው፤ ናፍቆታችሁ ግን ከብርዱ ይብሳል።

ይህን በስልክ አልነገርኩሽም። በስልክ ስናወራ እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺም ትዘጊብኛለሽ። እስከ መጨረሻው እንድትሰሚኝ ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

የዛሬ ሁለት ዓመት ለገና መጥተሽ የግቢያችን ጉድጓድ ውሃ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል ስትዪኝ፣ የሚሸተው የእኔ ካፖርት ነው አልኩሽ። ለወይንሸት ከሱቅ ውሃ ስትገዢላት ንቀት መሰለኝና የአባትሽን ውሃ ካልጠጣሽ ከደጄ ሂጂ አልኩሽ። በማግስቱ ልጅሽን አዝለሽ ሄድሽ፤ እስከ ዛሬም አልተመለስሽም።

እውነቱ ካንቺ ጋር ነበር።

ከግቢያችን በላይ ባለው ነዳጅ ማደያ የተቀበረውን ታንከር ጠዋት ጠዋት በዘንግ የምለካው እኔ ነበርኩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ለካሁ። ከተሸጠው በላይ ጎድሎ ባገኘሁት ቁጥር በደብተሬ ላይ «ብርድ» ብዬ እጽፍ ነበር። ነዳጅ በብርድ እንደሚኮማተር ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ራሴ አንብቤ ስለተማርኩ፣ ማንም አያርመኝም ነበር። በደብረ ብርሃን ብርድ ማን ይጠራጠራል? እናትሽ ደግሞ ካፖርቴን በየሳምንቱ ብታጥበው ሽታው አልለቅ አላት። የምታጥበው በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ነበር። እኔም ቤቱ እንዳይሸት ብዬ ካፖርቴን አጥር ላይ እየሰቀልኩ በጋቢ ስንቀጠቀጥ ከረምኩ።

ባለፈው ክረምት ጎረቤታችን ካሴ ከጉድጓዳችን ውሃ ቢቀዳ ቅባት ተንሳፍፎ አየ። ለቀበሌው አቤት አለና ባለሙያዎች መጡ። አለቃቸው ራኒያ የምትባል የአሊዩ አምባ ልጅ ናት፤ ቀጭን ናት፣ ምላሷ ግን ስለታም ነው። ስለ ብርዱ ሳስረዳት እስከ መጨረሻው ሰማችኝና፣ አባባ፣ ብርድ ነዳጅን ያኮማትራል እንጂ አይጠጣውም አለችኝ። ሠራተኞቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ታንከሩን ቆፍረው ሲያወጡት ከሆዱ ሥር የምስማር ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ተገኘ።

ባለማደያው ለብቻዬ ጠርቶ፣ ደብተሮቹ ጠፍተዋል በል፣ ቀዳዳው የዘንድሮ ነው እንላለን አለኝ። እንጀራዬን የበላሁት ከእሱ ቤት ነው። ራኒያ ግን ናፍጣው እስከ የት እንደደረሰ ለማወቅ፣ ከመቼ ጀምሮ ምን ያህል እንደፈሰሰ ማወቅ አለባት። ደብተሮቹን ተሸክሜ ወሰድኩላትና «ብርድ» ያልኩበትን ገጽ ሁሉ በጣቴ አሳየኋት። መፍሰስ ከጀመረ አራት ዓመት ሞልቶታል። ባለማደያው ዘንጉን ተቀብሎ ከሥራ አሰናበተኝ። አትዘኚ፤ እኔ አላዘንኩም።

አሁን ጥቁሩን አፈር አውጥተው ላስቲክ ላይ አስጥተውታል። ከፋንድያ ጋር እየቀላቀሉ ያገላብጡታል፤ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ናፍጣውን ይበሉታል አሉኝ። አላመንኳቸውም፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ በእጄ ዘግኜ አሸተዋለሁ። በእርግጥ እየቀነሰ ነው። ከከርሰ ምድር ውሃውንም በፓምፕ እያወጡ የተንሳፈፈውን ናፍጣ ይለዩታል። የእኛ ጉድጓድ ግን ገና ለዓመታት አይጠጣም። አፉን ራሴ ከደንኩት፤ የምንቀዳው ከቦኖ ነው።

በእድር ስብሰባ ተነስቼ ጥፋቱ የእኔም ነው አልኩ። ሦስቴ ደጋግሜ ስናገር ካሴ፣ ሰምተናል ጋሼ፣ ይቀመጡ አለኝ። ለመንደሩ ሁሉ ተናግሬ ለልጄ ሳልናገር ብቀር ግን ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ፀደንያ፣ በድዬሻለሁ። ከደጄ ሂጂ ያልኩሽ እኔ ነኝ፤ ነይ የምልሽም እኔው ነኝ። ለፋሲካ ልጅሽን ይዘሽ ነይ። አልመጣም ካልሽም አልቆጣም፤ እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ፤ ደጅሽ ላይ ብታቆሚኝም እቆማለሁ።

ለገብረአብ፣ ከባድ ነገር አያንሳ ብሏል በይልኝ። ወይንሸትን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። እናትሽ ብርነሽ አጠገቤ ተቀምጣ ሰላምታዬ ብቻውን በአንድ ገጽ ይጻፍልኝ እያለች ነው፤ ወረቀቱ አልቆብኛል፣ ስትመጪ ራሷ ትነግርሻለች።

አባትሽ ወልደአረጋይ
ደብረ ብርሃን
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.